በሩ ላይ ያስቀረሁት ምርቃት

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውሰውም። ባለቤቴ ከመስቀል በፊት ነው ትላለች። የጓሮ ክፍላችንን የተከራየችው ሴትዮ ደግሞ «የለም ሀርሜ፣ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ነው» ብላ ትከራከራታለች። ሀርሜ እናቴ ማለቷ ነው። እኔ የማስታውሰው ጭቃውን ነው። ከባኬ ጃማ ሰፈራችን ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣው ቁልቁለት ገና አልጠነከረም ነበርና፣ ባንኩ ጋ ስደርስ ጫማዬን በእንጨት ፍቄ ነው ሰልፍ የያዝሁት። ዘመኑን ለሚጠይቀኝ፣ ሰዉ ሁሉ ብሩን ከግድግዳ ውስጥ ማውጣት የጀመረበት ዘመን ነው እለዋለሁ።

እኔ የመንገድ ሠራተኛ ነበርሁ። በልጅነቴ ከአባቴ ጋር ከወሎ መጥቼ ኪራሙ አደግሁ፤ ጎልማሳ ስሆን በመንገድ ጥገና ካምፕ ተቀጠርሁና ነቀምት ቀረሁ። ከነቀምት እስከ ጊምቢ ባለው መንገድ አካፋ ይዤ ያልቆምሁበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ፊደል የቆጠርሁት እዚያው ካምፕ ውስጥ ነው፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ። አማርኛ ቀስ ብዬ አነባለሁ፣ እጽፋለሁም። ኦሮምኛውንም እንደማንም የአገሩ ሰው እናገረዋለሁ፤ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል ግን አላውቀውም። ልጆች ሲያነቡት ሰምቼ ቃሉ ይገባኛል፤ ወረቀቱን ሲሰጡኝ ጉንዳን የሄደበት ይመስለኛል። ይህን ማንሣቴ ለኋላው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

ጡረታ ስወጣ ደሞዜ በባንክ ሆነ። መጀመሪያ በደብተር ነበር፤ ቆይተው ኤቲኤም የሚሉትን ካርድ ሰጡኝ። «ሰልፍ ይቀንስልዎታል አባ» አሉኝ። ሰልፉ ከውስጥ ወደ ውጭ ወጣ እንጂ አልቀነሰም። ማሽኑ በአማርኛም በኦሮምኛም ይጠይቃል፣ ክፋት የለውም፤ ግን ችኩል ነው። መነጽሬን አስተካክዬ የመጀመሪያውን መስመር ሳልጨርስ ካርዴን መልሶ ይተፋዋል።

ስለዚህ በየወሩ ጡረታዬን የምታወጣልኝ ተከራያችን ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ወደ ሃምሳው የተጠጋች፣ የጊምቢ አካባቢ ሰው ናት፤ እዚህ ባንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ትሠራለች። እሷ ፕሮቴስታንት ናት፣ እኛ ኦርቶዶክስ ነን፤ እሑድ ጧት አብረን ከግቢ ወጥተን መስቀለኛው መንገድ ላይ እንለያያለን። የወር ኪራይ የምትከፍል ተከራይ ናት ብዬ ብጽፍ እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ባለቤቴ ታማ የተኛች ጊዜ አጥባና አብስላ ያስታመመችን እሷ ናት።

ጧት ጧት ወደ ሥራዋ ስትሄድ በሩ ላይ ትቆማለች። ራሷን ዝቅ አድርጋ «አባ፣ ነ ኤቢሳ» ትለኛለች። መርቁኝ ማለቷ ነው። እኔም ከዘራዬን አጥሩ ላይ አስደግፌ፣ ሁለት እጄን እዘረጋና «ሆሪ ቡሊ፣ ርቢ ኑሪ፣ ክፉ አይይሽ፣ የሄድሽበት ይቅናሽ» እላታለሁ። አባቴ ሲመርቅ በእጁ ምንም ነገር አይይዝም ነበር። ከዘራም ቢሆን፣ ጭራም ቢሆን፣ ብርም ቢሆን ያስቀምጣል፤ መዳፍ ባዶ ካልሆነ ምርቃቱ የት ያርፋል ይል ነበር። እኔም እንደዚያው ነኝ።

ካርዱ የተሰጠኝ ሰሞን ሚስጥር ቁጥሩን ሰልፉ መሀል ጮክ ብዬ ነገርኋት።

«ኧረ አባ፣ ቀስ ይበሉ! ሰዉ ሁሉ እኮ ሰማ!»

ከኋላዬ የቆመ ሰውዬ ደግሞ «ግድ የለም አባባ፣ እኔ ሸምድጄዋለሁ፤ ሲረሱት ይጠይቁኝ» አለ። ሰልፉ ሳቀ። በማግሥቱ ቁጥሩን አስቀየረችኝና አንድ የማልረሳው የመንገድ ኪሎ ሜትር ድንጋይ ቁጥር አደረግነው። ከሁለታችን በቀር ማንም እንዳያውቀው ተባለ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ከፋት።

«ከእኔ የሚደበቅ ቁጥር?»

«ባንኩ ነው እንዲህ ያለው።»

«እንግዲያው እራትህንም ባንኩ ይሥራልህ።»

በዚያ ደብተር ላይ ከጡረታዬ ሌላ ባሕር ዛፍ ሸጠን ያስቀመጥነው ብር ነበረ። ለቆርቆሮ ነው። የቤታችን ክዳን አርጅቷል፤ በተለይ የተከራያችን ክፍል ያፈሳል። ክረምቱን ሙሉ አልጋዋን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ስታመላልስ ነው የከረመችው፣ አንድ ቀን ሳታጉረመርም። ከሚቀጥለው ክረምት በፊት አስለውጥልሻለሁ ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር።

እንግዲህ በዚያ ወር አክስቷ ሞቱባትና ለለቅሶ ጊምቢ ሄደች። የጡረታ ቀን ደረሰ። ባለቤቴ «ትምጣና ታውጣልህ፣ ምን አስቸኮለህ?» አለችኝ። እኔ ደግሞ እልህ ያዘኝ። ስንት ገደል ደርምሼ መንገድ ያወጣሁ ሰው አንድ ግድግዳ ላይ ያለ ሣጥን ያቅተኛል ወይ ብዬ ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ።

ሰልፉ ላይ ከፊቴ የነበረው ሰው ዘወር ብሎ ሰላም አለኝ። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ንጹሕ ኮት የለበሰ፣ ጃንጥላ በክንዱ ያንጠለጠለ ሰው ነው። «አካም ቡልተኒ፣ አባ?» አለኝ፤ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው። እኔም ደህና አልሁት። ጤናውን፣ ቤቱን፣ ዝናቡን፣ እህሉን፣ አንድም ሳይዘል ጠየቀኝ። በእኛ አገር ሰላምታውን ቆርጦ የማይሄድ ሰው እንግዳ አይባልም። የት እንደሠራሁ ነገርሁት፤ የሱም አባት የመንገድ ሠራተኛ እንደነበሩ ነገረኝ። እሱ ጨርሶ ገለል አለና የኔ ተራ ሆነ።

ማሽኑ ካርዴን ሁለት ጊዜ ተፋው። ከኋላ አንዲት ሴት «ኧረ አባባን አግዟቸው፣ መሸብን!» አለች፤ ገና ረፋድ ነው።

ሰውዬው ጃንጥላውን በብብቱ አድርጎ ተመለሰ። «አባ፣ ልርዳዎ?»

ቁጥሩን ነገርሁት። ያውም በጆሮው፣ ቀስ ብዬ፣ እሷ እንዳስተማረችኝ። ተጫነ፤ ብሩ ወጣ። አልነካውም። «ራስዎ ይቁጠሩት አባ» አለኝ። ቆጠርሁት፤ ልክ ነው። ካርዱን ከማሽኑ አውጥቶ በእጁ እንደያዘ ድምፁ ዝቅ አለ። ሚስቱ ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ እንደሆነች፣ ሆስፒታል ትቷት ለመድኃኒት ብር ሊያወጣ እንደመጣ ነገረኝ። ከዚያ ራሱን ዝቅ አደረገልኝና «አባ፣ ነ ኤቢሳ» አለ።

ብሬን ኪሴ ከተትሁ። ከዘራዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍሁ። ሁለት እጄን ዘረጋሁ። በሰላም ትገላገልልህ፣ ማሪያም ትቅረባት፣ ልጅህ ለወግ ለማዕረግ ይብቃ፣ እጅህ አይጠር፣ አልሁት። የሚጣደፈው ሰልፍ እንኳ አሜን አለ። ስጨርስ ካርዱን በሁለት እጁ ይዞ የደረት ኪሴ ውስጥ አስገባልኝና ቁልፉን ቆለፈልኝ። ያሳደገው ሰው አሳድጎታል ብዬ እያደነቅሁ ቤቴ ገባሁ። ለባለቤቴ «አወጣሁት!» አልኋት። ማን እንዳወጣልኝ አልተናገርሁም።

ካርዱን በመሐረብ ጠቅልዬ ሣጥኑ ውስጥ ቆለፍሁበት።

በዚያ ሳምንት ስልኬ ደጋግሞ ጮኸ። መልእክት ነው፤ የላቲን ፊደል ነው። ባለቤቴ «ያው ዕጣ ደርሶዎታል የሚሉት ናቸው፣ ተዋቸው» አለች። ተውኋቸው።

ተከራያችን ቅዳሜ ከሰዓት ጥቁር ሻሽ አስራ መጣች። ለቅሶ ደረስናት፤ ስለ አክስቷ ተጨዋወትን። እንደ ልማዷ ስልኬን አንሥታ የተጠራቀመውን መልእክት ልታጠፋልኝ ጀመረች። ከዚያ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«አባ፣ በዚህ ሳምንት አራት ጊዜ ብር አውጥተዋል?»

«አንድ ጊዜ።»

«አራት ነው የሚለው።»

የቆርቆሮው ብር ግማሽ ያህሉ ሄዷል። ተቀምጬበት የነበረው ዱካ ከሥሬ የሸሸ መሰለኝ። እሷ ጊዜ አላጠፋችም፤ ደብተሬን አስመጣችና ወደ ባንኩ ነጻ መስመር ደወለች። ሙዚቃው ረጅም ነው። በመጨረሻ አንዲት ልጅ አነሣችና እኔ ራሴ እንዳናግራት ጠየቀች።

«የተወለዱበት ቀን፣ አባቴ?»

«እሱን የሚያውቁት ወላጆቼ ነበሩ፣ ልጄ።»

ተከራያችን ከጎን «ሲቀጠሩ የተጻፈልዎትን ይበሉ!» ብላ ሹክ አለችኝ። አልሁ። ከመዝገባቸው ጋር ተስማማ። ካርዱ ተዘጋ፤ የቀረው ብር ቀረልን። በዚያ ቅዳሜ ባትደርስ ኖሮ እሑድም አንድ ጊዜ፣ ሰኞም አንድ ጊዜ እየተባለ ይጠረግ ነበር።

እሑድ አዲስ አበባ ያለው ልጄ ደወለ። እናቱ ነግራዋለች። እዚያ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፤ ቸኩሎ ይቆጣል፣ ቸኩሎም ይጸጸታል።

«ቁጥሩን ማን ያውቃል?»

«እኔ።»

«ሌላስ?»

«እሷ።»

«ሌላስ አባዬ?»

እዚህ ላይ ነው የዋሸሁት። «ሌላ የለም» አልሁ። ለማንም እንዳልናገር ልጄ ስንት ጊዜ አስጠንቅቆኛል፤ ለማላውቀው ሰው በጆሮው ነገርሁ ማለቱ አሳፈረኝ። ሐቁን ልናገርና፣ ሰውዬውን መጠርጠርም አልመጣልኝም። አፌን ሞልቼ የመረቅሁትን ሰው ሌባ ነው ብዬ እንዴት ልበል? ደግሞስ ካርዱ በሣጥኔ ውስጥ ነው ያለው፤ እሱ ምን ይዞ ያወጣል?

«ካርዱ ቤት ካለ ኮፒ አድርጋዋለች ማለት ነው» አለ ልጄ። «አሁን እኮ በፎቶ ነው የሚሰርቁት።»

ይህ ነገር እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም፤ ግን ሆዴ ውስጥ ገባ።

ሰኞ ደብተሬን ይዤ ባንክ ሄድሁ። አንድ ትሑት ጎልማሳ ሰው ተቀበለኝና ኮምፒዩተሩን አየ። «አባ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የወጡት ከጊምቢ ማሽን ነው» አለኝ።

ጊምቢ። እሷ ለቅሶ ተቀምጣ የሰነበተችበት ከተማ።

ቅጽ ሰጠኝ። በአማርኛ የተጻፈ ነው፤ እያንዳንዱን መስመር እየተከተልሁ ሞላሁ። ከታች «የሚጠረጥሩት ሰው ካለ ስም» የሚል መስመር አለ። ልጄ በስልክ «ጻፈው አባዬ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ይለኛል። እስኪርቢቶውን ያዝሁ። ያች መስመር እኔ ካወጣሁት መንገድ ሁሉ የረዘመች መሰለችኝ። ስሟ ከተጻፈ ፖሊስ ትምህርት ቤቱ ድረስ ይሄዳል። ይህን አውቃለሁ። መዝገብ ቤት የምትሠራ ሴት በስርቆት ተጠየቀች ከተባለ፣ ነጻ ብትወጣ እንኳ ማን መዝገብ ያምናታል? አልጻፍሁም። ግን የለም ብዬም አልሰረዝሁትም። ባዶውን ትቼ «ነገ እመለሳለሁ» አልሁ።

«መልካም። ካርዱንም ይዘው ይምጡ» አለኝ ሰውዬው።

ያን ቀን ማምሻውን ከሥራ ስትመለስ «አካም ኦልተኒ?» እንዴት ዋሉ ስትለኝ፣ ደህና ብዬ ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርሁ። አጥሩ ላይ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም።

ማክሰኞ ጧት ካርዱን በመሐረቡ እንዳለ ኮቴ ኪስ ከትቼ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። መጣች። እንደ ሁልጊዜው ቆመች፤ ራሷን ዝቅ አደረገች። «አባ፣ ነ ኤቢሳ።»

እጆቼ ኪሴ ውስጥ ናቸው። አላወጣኋቸውም። ጠበቀች። አንድ ባጃጅ አለፈ፤ የጎረቤት ዶሮ ጮኸ፤ አሁንም ጠበቀች። ከዚያ ራሷን ቀና አድርጋ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችና «እሺ አባ» ብላ ሄደች። ያች «እሺ» እስካሁን ትሰማኛለች።

ባለቤቴ ከበረንዳው ላይ ሆና አይታናለች።

«እጅህ ተሰበረ?»

ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርሁ።

«አንተን እኮ ነው!»

«ጊምቢ ነው የወጣው አሉ፤ ምን ላድርግ?»

«ጊምቢ ስንት ሰው አለ? እሷ ብቻ ናት የምትኖርበት?» ጠጋ አለችኝ። «ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን ማሽኑን ማን ተጫነልህ? አንተ ብቻህን እንደማትችለው እኔ አላውቅምና ነው? ሬዲዮኑን እንኳ የምከፍትልህ እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ ነገርኋት። ስለ ኮቱ፣ ስለ ጃንጥላው፣ ስለ ምጡ፣ ስለ ምርቃቱ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ራሷን ነቀነቀች።

«መንገድ ላይ ላገኘኸው እጅህን ዘርግተህ፣ ለእሷ ኪስህ ውስጥ ትከተዋለህ?» አለችኝ። ቆጣ አላለችም፤ ያ ነው የባሰብኝ። «ሂድ ተከተላት። ቁርስ የሚባል ነገር ሳትደርስባት አታገኝም።»

ከዘራዬን እንኳ አልያዝሁም። ቁልቁለቱን በጭቃው ላይ እየተንሸራተትሁ ወረድሁ። በሥራ ዘመኔም እንደዚያ የፈጠንሁ አይመስለኝም። ወደ ቡርቃ ጃቶ የሚሄዱት ባጃጆች የሚቆሙበት ቦታ ደረስሁባት፤ አንዱ ውስጥ ልትገባ አንድ እግሯን አንሥታለች።

«ኢንታላ ኮ!» አልኋት፤ ልጄ ማለቴ ነው። «ቆዪኝ!»

እግሯን መለሰች። ስታየኝ ደነገጠች። «ሀርሜ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። እኔ ነኝ የሆንሁት። ዋሽቼብሻለሁ።»

እዚያው መንገድ ዳር ሁሉን ነገርኋት። ቁጥሩን ለሌላ ሰው እንደተናገርሁ፣ ለልጄም ለባንኩም እንደደበቅሁ፣ ከጊምቢ ወጣ ሲሉኝ እሷን እንዳሰብሁ። የባጃጁ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ ይሰማል። እሷ አላቋረጠችኝም።

«ልጅዎ ትናንት ደውሎልኛል» አለችኝ ስጨርስ።

«ለአንቺ? ምን አለሽ?»

«ያለውን አለ። ይተውት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርስዎ እስኪጠይቁኝ ነዋ የጠበቅሁት። ጧትም በሩ ላይ የቆምሁት ለዚያ ነው። አባ ካልጠየቁኝ፣ እኔ አልሰረቅሁም ብዬ እንዴት ልጀምር?»

ከዚያ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ጠረግ አድርጋ እጇን ዘረጋችልኝ። «እስቲ ካርዱ የታለ?»

መሐረቡን ፈታሁና ሰጠኋት። አየችው። ገለበጠችው። እንደገና አየችው። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች፤ ልታለቅስ ነው ብዬ ስሰጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እየሳቀች ነው።

«አባ፣ እርስዎ ሴት ነዎት እንዴ?»

«ምን?»

«ካርዱ ላይ ያለው የሴት ስም ነው! ይሄ የእርስዎ አይደለም። የማናውቃት ሴትዮ ካርድ ነው በመሐረብ ጠቅልለው ያስቀመጡት!»

የባጃጁ ሾፌር ወርዶ ካርዱን አየና «እውነቷን ነው አባባ፣ ስሙ የሴት ነው» ብሎ መሰከረ። በቀለሙም በመልኩም የኔን ይመስላል፤ ከዚያው ባንክ ነው። ስሙ ደግሞ በላቲን ፊደል ስለሆነ እኔ ከመጀመሪያውም አንብቤው አላውቅም።

ያን ጊዜ ሁሉም ታየኝ። እጆቼ በአየር ላይ ተዘርግተው፣ ዓይኔ ወደ ላይ፣ ሰልፉ አሜን ሲል፣ ካርዴ በሰውዬው እጅ። ለመመረቅ ያጎነበሰ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ካርዴን በሌላ እየለወጠ ኖሯል። ደግሞ ምን ዓይነት ነገር ነው፤ የተሞኘሁት ገና እየገባኝ ከደረቴ ላይ አንድ ቋጥኝ ወረደ። መንገድ ዳር ቆሜ ሳቅሁ። ብሩ ሄዷል፤ እሷ ግን አልሄደችም። ለባሕር ዛፉ ብር ያን ያህል እንዳላዘንሁ ያወቅሁት እዚያ ነው።

ከዚያ እጆቼን አወጣሁ። ዘረጋኋቸው። እሷም ራሷን ዝቅ ልታደርግ ስትል ቆም አለች።

«ቆይ አባ። መጀመሪያ ይሄን ካርድ ኪስዎ ይክተቱ።»

ከተትሁ። ከዚያ መረቅኋት፤ የማክሰኞንም፣ ፊቴን ያዞርሁባትን የሰኞንም። የባጃጁ ሾፌር አሜን አለና ባንክ ድረስ ወስዶን ሒሳብ አልቀበልም አለ።

ባንኩ ካርዱን ተቀብሎ አጣራ። የካርዱ ባለቤት ወደ ጅማ መንገድ ባለች አንዲት ከተማ ያለች ሴት ናት፤ የሷም ካርድ በዚሁ ዓይነት ተለውጦባት፣ አመልክታ ዘግታዋለች። ጥቂት ቀን ቆይቶ የጊምቢው ማሽን የቀረጸውን ፎቶ አሳዩኝ። ኮቱን ለየሁት። ጃንጥላዋም በክንዱ አለች። ተከራያችንን ቀና ብዬ ለማየት ያኔም አፈርሁ፤ እሷ ግን ወደ ፎቶው ጠጋ ብላ «ኮቱስ ደህና ኮት ነው» አለች።

የቅጹን መስመር ያን ማክሰኞ ሞላኋት። «ስሙን የማላውቀው፣ የመረቅሁት ሰው» ብዬ ጻፍሁ።

የባንኩ ሰው አነበበና «አባ፣ የመረቅሁት የሚለው እኮ አያስፈልግም» አለኝ።

«እኔም አያስፈልግም ነበር እያልሁ ነው» አልሁት። እንዳለ ተቀበለኝ።

ሰውዬው እስካሁን አልተያዘም፤ ብሩም አልተመለሰም። ፖሊስ ቃሌን ተቀብሏል። አንዳንድ ሰው ምርቃቱን ወደ እርግማን ለውጠው ይለኛል። አልለወጥሁትም። ምናልባት ሚስት አለችው ይሆናል፤ እሷ ምን አጠፋች? ካለች በሰላም ተገላግላ ይሆን ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ።

ልጄ ለፋሲካ መጣ። ገና ከአውቶቡስ እንደወረደ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ወደ ጓሮ ሄዶ በሯን አንኳኳ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ከበረንዳው ሆኜ የማየው እሱ ጎንበስ እንዳለ መቆየቱን ነበር። በማግሥቱ በተረፈው ብር ቆርቆሮ ገዛን። ለቤቱ ሁሉ አልበቃም፤ ለጓሮው ክፍል ግን በቃ። ልጄ ራሱ ክዳኑ ላይ ወጥቶ መታው፤ እሷ ከታች ምስማር እያቀበለች «ቀስ በል፣ ወድቀህ ደግሞ በእኔ እንዳይፈረድብኝ!» ትለዋለች። እሱም ከላይ ሆኖ ይስቃል። ክረምት ሲመጣ የሚያፈሰው አሁን የእኛ ክፍል ብቻ ነው። ባለቤቴ ሣህኑን ከጠብታው ሥር ታስቀምጥና «ይሄ የጃንጥላው ሰውዬ ነው፣ መጣ» ትላለች።

ሌላ ካርድ ሲሰጡኝ አዲስ ቅጽ አስሞሉኝ። ችግር ቢፈጠር የሚጠራ ሰው ስም፣ ቀጥሎ ዝምድና የሚል መስመር ነበረው። ስሟን በፊደሌ ቀስ ብዬ ጻፍሁ። ዝምድና የሚለው ላይ «ልጅ» አልሁ።

ሰውዬው አሻግሮ አየና «ተከራይ ናቸው አላሉኝም ነበር አባ?» አለኝ።

«ነች። ኪራይም ትከፍላለች» አልሁት።

ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ እሷ አትወድም። ግን ከዚያ ጉድ ማን አወጣህ ለሚለኝ፣ ብሬን በስልክ ያስቆመችልኝ፣ እስክጠይቃት በሩ ላይ የጠበቀችኝ፣ ካርዱን አንብባ ያሳቀችኝ እሷ ናት እለዋለሁ፦ የጊምቢዋ ሴት፣ የትምህርት ቤቱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የጓሮ ክፍላችን ተከራይ።